በአዲስ አበባ መሃል ሮማን ለመትከል፦ ቦታን፣ መነሻን እና ዝርያን ማወዳደር

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቀበና ወይም ካዛንቺስ አካባቢ ጥቂት ካሬ ሜትር አፈር የቀረለት ሰው ሮማን ለመትከል ሲያስብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «በዚህ ብርድ ይበቅላል ወይ?» ብሎ ነው። ይበቅላል። ከባዱ ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ዛፉ ቅጠል አውጥቶ በቀይ አበባ ካጌጠ በኋላ ሰው የሚበላው ፍሬ ይሰጣል ወይስ ለዓመታት ሲያብብና ሲያረግፍ ይኖራል? ይህን የሚወስኑት ከመትከል በፊት የሚደረጉ ሦስት ምርጫዎች ናቸው፦ የሚተከልበት ቦታ፣ ችግኙ የተገኘበት መንገድ እና የዛፉ ዝርያ። ማዳበሪያውም፣ ውኃውም፣ መግረዙም ከእነዚህ በኋላ ይመጣሉ፤ ምርጫው ከተሳሳተ ደግሞ ስሕተቱን የሚያቃና ፍግ የለም። ብዙዎቻችን ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን እንጀምራለን። በመንገድ ዳር በተደረደሩ ችግኞች አጠገብ ስናልፍ አንድ ያማረ ሮማን ዓይናችን ውስጥ ይገባል፤ ገዝተን ወደ ቤት እንወስደውና የት እንደሚተከል የምናስበው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም እንደዚሁ ጀምሬ ስድስት ዓመት ያህል ከጠበቅሁ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ለመነሣት ተገድጃለሁ፤ ሌላው ሰው ያን ያህል ዘመን እንዳያጠፋ በማሰብ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አወዳድሬ አቀርባለሁ።

ሮማን የሚፈልገውና ከተማችን የሚሰጠው

የሮማን የትውልድ አገር ከኢራን እስከ ሰሜን ሕንድ የሚደርሰው ምድር ነው፤ በዚያ በጋው የሚያቃጥልና ደረቅ ነው። መሃል አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬዳዋ ጋር ስንወዳደር ከ7 ዲግሪ በላይ የምንቀዘቅዝ ነን ማለት ነው። ይህ ቅዝቃዜ ዛፉን አይገድለውም፤ ሮማን በእንቅልፍ ላይ ባለበት ወቅት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እንኳ ችሎ የሚያድር ዛፍ ነውና የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን ለእርሱ ምንም አይደለም። የሚጎድለው ፍሬውን የሚያጣፍጠው የቀን ሙቀት ነው። በሞቃት አገር ፍሬው ከአበባ እስከ መብሰል ከ5 እስከ 7 ወር ሲፈጅበት፣ በእኛ ከፍታ ወደ ረጅሙ ያዘነብላል፤ ሙቀት ያነሰው ፍሬም ኮምጣጣነቱ አይለቅቀውም።

ሁለተኛው ፈተና ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ፀሐይም ለሳምንታት ከደመና ጀርባ ትውላለች። ለመብሰል የተቃረበ ፍሬ በዚህ ወቅት ዛፍ ላይ ከተገኘ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥም ሻጋታ ይገባል። እንግዲህ ከዚህ በታች የማወዳድራቸውን አማራጮች ሁሉ የምመዝናቸው በሁለት ነገሮች ነው፤ አማራጩ ለዛፉ ሙቀት ይጨምርለታል ወይ? ፍሬውንስ ከክረምት በፊት ለማድረስ ይረዳል ወይ?

ከግቢው የትኛው ጥግ?

በመሃል ከተማ ግቢ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ለዛፍ የሚተርፉት ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ ከበሩ አጠገብ ያለው ጠርዝ፣ ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ እና የአጥሩ ሥር። ሰው በአብዛኛው ጓሮውን ይመርጣል፤ ዛፉ ከመንገድ እንዲርቅና ፍሬው እንዳይነካበት ብሎ። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የአጥሩን ሥር እመለከታለሁ፤ ሁሉንም አጥር ግን አይደለም። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ደመና በማይበዛባቸው ወራት የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ በግቢው ሰሜናዊ ወሰን ላይ ያለው፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያደረገው ግንብ ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። ግንቡ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ከሆነ ደግሞ ቀን የጠጣውን ሙቀት ከመሸ በኋላ እየመለሰ ይሰጣል፤ ቆርቆሮ ግን ፈጥኖ ይግላል፣ ፈጥኖም ይበርዳል። ዛፉ ከግንቡ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ቢተከል ለቅርንጫፎቹ መዘርጊያ ይበቃዋል። በተቃራኒው በደቡቡ አጥር ሥር የተተከለ ሮማን ፀሐይ በምትገኝበት በዚያው ወቅት በአጥሩ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ቅጠሉ ይለመልማል፣ ፍሬው ግን አይታሰብም።

ፀሐይን በግምት መተው አይገባም። በኅዳር አንድ የጠራ ቀን ይምረጡና ለመትከል ባሰቡበት ቦታ ላይ ድንጋይ ያስቀምጡ፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ በስድስት ሰዓትና በዘጠኝ ሰዓት ድንጋዩ ጥላ ውስጥ ነው ወይስ ፀሐይ ላይ ብለው ይመልከቱ። ሦስቱንም ጊዜ ፀሐይ ላይ ከተገኘ ቦታው ተገኝቷል። በሁለቱ ብቻ ከሆነ ዛፉ ያብባል፣ ጥቂት ፍሬም ሊይዝ ይችላል። በአንዱ ብቻ ከሆነ ግን ሮማን እዚያ ቦታ ላይ እንዲተከል አልመክርም፤ ጥላን ሻል አድርጎ የሚችለው ወሽመላ ይሻላል። ፀሐዩ በቂ ሆኖ ሰውየው የፍሬ ዛፍ ብቻ ከፈለገና ሮማን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የማይል ከሆነ፣ ኮክ የደጋውን ቅዝቃዜ ከሮማን በተሻለ እንደሚወደው መናገር ይገባኛል። አቮካዶ ደግሞ ለሰፊ ግቢ እንጂ ለእንዲህ ያለ ጠባብ ቦታ አይሆንም።

ከድንጋዩ ሌላ ሊታይ የሚገባው ገና ያልተሠራው ሕንፃ ነው። የመጀመሪያው ሮማኔ በአራተኛው ዓመቱ አሥራ አንድ ፍሬ ይዞ ደስ ብሎኝ ሳለ፣ በስተ ደቡብ ካለው ይዞታ ላይ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ተነሣና የቀትሩን ፀሐይ ወሰደው። ዛፉ አልደረቀም፤ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያብባል፣ አበባው ግን ከነእንቡጡ ይረግፋል። ስለዚህ ከደቡብ በኩል ያለው ጎረቤት ግቢ ባዶ ወይም አሮጌ ቤት ያለበት ከሆነ፣ በእኛ ከተማ እንደዚያ ሆኖ እንደማይቆይ አስቦ ዛፉን ከዚያ ወሰን በተቻለ መጠን አርቆ መትከል ይሻላል።

አፈር ላይ ወይስ በርሜል ውስጥ?

ወደ እንጦጦ በሚወጣው በኩል ያሉት ሰፈሮች ብዙውን ጊዜ ቀይ አፈር አላቸው፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር መረሬው፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላማ አፈር፣ ይበዛል። በቀይ አፈር ላይ ምርጫው ቀላል ነው፤ በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የላይኛው አፈር ከብስባሽ ጋር ተቀላቅሎ ይመለሳል፣ በሰኔ መግቢያም ይተከላል። በመረሬ ላይ ግን እንዲህ ያለው ጉድጓድ በክረምት ውኃ የሚያቁር ገንዳ ይሆናል፤ የሮማን ሥር ድርቅን እንጂ የተኛ ውኃን አይችልም። ስለዚህ በመረሬ ላይ ቁፋሮውን ትቶ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ ሰፊ የአፈር ክምር ሠርቶ እዚያ ላይ መትከል ይገባል፤ የመትከያው ጊዜም ሰኔ ሳይሆን ኃይለኛው ዝናብ ካለፈ በኋላ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። አፈሩ የግንባታ ፍርስራሽ የተደፋበት ከሆነ፣ ሮማን ከሲሚንቶና ከኖራ የሚመጣውን መጠነኛ ለውጥ ስለሚችል ብዙ አያስጨንቅም፤ ድንጋዩንና ፕላስቲኩን ለቅሞ ማውጣት ይበቃል።

ግቢው በሙሉ በሲሚንቶ ለተለበጠበት ወይም ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው በርሜል ጥሩ አማራጭ ነው። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ለሁለት ሲቆረጥ ከእያንዳንዱ ግማሽ አንድ ሮማን ለብዙ ዓመታት የሚኖርበት ቤት ይወጣል፤ 20 ሊትር የሚይዘው የቀለም ባልዲ ግን ለሁለት ዓመት ማቆያ እንጂ ለፍሬ አይበቃም። የበርሜሉ ሥር ቢያንስ በአምስት ቦታ ይበሳል። አፈሩም ከቀይ አሽ ጋር ይደባለቃል፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ደቀቅ ያለ ቀይ አሽ ቢሆን ውኃ ሳያቁር እርጥበት ይይዛል። በርሜል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጥቁር ብረቱ በፀሐይ ስለሚግል የሥሩ አካባቢ ከመሬቱ አፈር ይልቅ ይሞቃል፣ በክረምትም ወደ በረንዳ ጣሪያ ሥር ሊሳብ ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ ውኃ ነው። በፈረቃ ውኃ በሚመጣበት ሰፈር መሬት ላይ የቆመ ሮማን ለሳምንት ቢረሳም ሲታገሥ፣ በበርሜል ያለው ግን በየካቲት ፀሐይ በሦስት ቀን ውስጥ ቅጠሉን ያጠወልጋል። የማይረሳ ሰው ቤት ውስጥ ካለ በርሜሉን ሳልፈራ እመክራለሁ፤ ከሌለ አፈር ያለበት ዘመድ ግቢ ፈልጎ መትከል ይሻላል።

ከዘር፣ ከቁራጭ፣ ከሥር ቡቃያ ወይስ ከችግኝ ጣቢያ?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይበልጥ ሰው የሚሳሳተውና ስሕተቱንም ዘግይቶ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ዘር ርካሽና አስደሳች ነው። ከበላነው ሮማን ጥቂት ፍሬዎች ወስደን ቀዩን ሥጋቸውን አጥበን ብንዘራቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይበቅላሉ፤ ለልጆችም የሚያስተምር ሥራ ነው። ችግሩ ከዘር የሚወጣው ዛፍ የእናቱን ጠባይ አለመውረሱ ነው። የጣፈጠ ሮማን ዘር ኮምጣጣ ዛፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ከአንድ ፍሬ የተገኙ አሥር ችግኞችም አሥር የተለያዩ ዛፎች ናቸው። ፍሬ ለማየት በሞቃት አገር እንኳ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል፤ በእኛ ከፍታ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። አንድ ቦታ ብቻ ያለው ሰው ያን ያህል ጠብቆ ጣዕሙን በዕድል መተው አይገባውም።

ቁራጭ ማለት ከጎለመሰ ዛፍ ላይ ተቆርጦ ሥር እንዲያወጣ የሚተከል ቅርንጫፍ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ዛፍ በሁሉም ነገር እናቱን ይመስላል፤ የእናቱ ፍሬ ጣፋጭ ከሆነ የእርሱም ጣፋጭ ነው፣ እናቱ በዚህ ከፍታ የምታፈራ ከሆነች እርሱም ያፈራል። ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል፤ በአዲስ አበባ መሃል ፍሬ ሲይዝ በዓይን የታየ ዛፍ ከየትኛውም ወረቀትና ከየትኛውም ሻጭ ቃል የበለጠ ማስረጃ ነውና። ፍሬም በ2 ወይም በ3 ዓመት ማሳየት ይጀምራል። ቀበና ወንዝ አቅራቢያ ከሚኖሩ አንዲት እናት ግቢ የወሰድሁት ቁራጭ ነው ዛሬ የምበላውን ፍሬ የሚሰጠኝ። አጥሩን አልፎ የወጣውን ቅርንጫፍ አይቼ «እማማ፣ ከሮማንዎ ትንሽ ቅርንጫፍ ልቁረጥ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ቁረጥ ልጄ፤ ግን ይሄንን ተወው፣ ይሄ ሆምጣጤ ነው። ከጓሮ ካለው ውሰድ» ብለው ወደ ውስጥ መሩኝ። ሁለቱም ዛፎች ከአንድ ሮማን ፍሬ የበቀሉ መሆናቸውን የነገሩኝ ቁራጩን በጋዜጣ እየጠቀለሉልኝ ነው። ከዘር መትከል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሞ አይቼዋለሁ።

ቁራጩ የሚወሰደው ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት ላይ፣ ዛፉ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ከመነሣቱ በፊት ነው። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ያለፈው ዓመት እድገት የሆነ ጤነኛ ቅርንጫፍ ይመረጣል፤ ርዝመቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የታችኛው ጫፍ ከአንጓ ሥር ወዲያው ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ የላይኛው ጫፍ ደግሞ በሰያፍ፤ ይህም ውኃ እንዲያንጠባጥብና ስንተክል ላዩን ከታቹ መለየት እንድንችል ነው። ከዚያም ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር በተሞላ ፖሊቲን ከረጢት ውስጥ ሁለት አንጓ ብቻ ከላይ ቀርቶ ሌላው ይቀበራል፤ ጥላ ውስጥ ተቀምጦም እርጥበቱ እንዳይጓደል ይደረጋል። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ትንንሽ ቀያይ ቅጠሎች ብቅ ሲሉ ብዙ ሰው ሥር ያወጣ መስሎት ይነቅለዋል። እነዚያ ቅጠሎች የወጡት ቅርንጫፉ ውስጥ በነበረው ስንቅ ነው፤ ሥሩ ሁለት ወር ሳይሞላ አይጠነክርም። ከረጢቱ ሥር ነጭ ሥር ብቅ ሲል እስኪታይ ድረስ መንካት አያስፈልግም። ሁሉም ስለማይዙ አንድ ዛፍ የሚፈልግ ሰው አራት ወይም አምስት ቁራጭ ይትከል።

ከዛፉ ሥር የሚወጣው ቡቃያም እንዲሁ እናቱን የሚመስል ነው፤ አንዳንዱ የራሱን ሥር ይዞ ስለሚገኝ በዶማ ገላልጦ መለየትና ወዲያው መትከል ይቻላል። ከተገኘ ከቁራጭ ይልቅ አንድ ዓመት ያህል ይቀድማል። አንድ ነገር ብቻ መረጋገጥ አለበት፤ እናቲቱ ያልተዳቀለች፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ ያልተቀጠለች፣ መሆኗ። ዛፏ የተዳቀለች ከሆነች ከሥር የሚወጣው ቡቃያ የታችኛው ግንድ ልጅ ስለሆነ የላይኛውን ፍሬ አይሰጥም።

በዚሁ ነገር ላይ እያለሁ ችግኝ ጣቢያ ወደሚሸጠው ልለፍ። «የተዳቀለ ሮማን ነው» የሚለው ቃል ዋጋ ለማስጨመር ሲነገር እሰማለሁ። ማዳቀል ለአቮካዶና ለማንጎ ትልቅ ነገር ነው፤ ሮማን ግን በዓለም ላይ በአብዛኛው የሚባዛው በቁራጭ ነው፣ በራሱ ሥር ላይ ቆሞ ሲያድግም ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም በራሱ ሥር የቆመ ዛፍ ግንዱ ቢደርቅ ወይም ቢሰበር ከሥር በሚወጣው ቡቃያ ራሱን ይተካል፤ የተዳቀለው ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ ለሮማን «የተዳቀለ» በመባሉ ተጨማሪ ብር መክፈል ተገቢ አይመስለኝም።

ችግኙ ከዘር ወይም ከቁራጭ መሆኑን ግን ሻጩን ሳይጠይቁም ማወቅ ይቻላል። ጎንበስ ብለው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። ከዘር የበቀለው ከመሬት ጀምሮ አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን ግንድ አለው፤ ውፍረቱም ከታች ወደ ላይ በሥርዓት እየሳሳ ይሄዳል። ከቁራጭ የተገኘው ላይ ግን ከአፈሩ ብቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ቅርፊቱ አመድማ የሆነ አሮጌ እንጨት ይታያል፤ ጫፉ የተቆረጠበት ጠባሳ አለው፣ አዳዲሶቹ ቀንበጦችም የወጡት ከጎኑ ነው። የመጀመሪያዬን ችግኝ የሸጠልኝ ሰው «ጣፋጭ ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር፤ ይህን ምልክት ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ ከዘር የተገኘ መሆኑን እዚያው ባየሁት ነበር። ሻጩ ሊያታልለኝ አስቦ ነው አልልም፤ እርሱም ከሌላ ሰው ተቀብሎ የሚሸጥ ነው፣ ዛፉ ሲያፈራም አላየውም።

የትኛው ዝርያ?

ከውጭ የመጡ ዝርያዎች መካከል ስሙ በብዛት የሚነሣው ዎንደርፉል ነው። በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ1896 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የተባዛ፣ ትልቅና ጥልቅ ቀይ ፍሬ የሚሰጥ ዝርያ ነው። ፍሬው የሚያምር ቢሆንም ዘግይቶ የሚበስልና ረጅም ሞቃት ወቅት የሚፈልግ ነው፤ በተፈጥሮውም ጣፋጭነቱ ከኮምጣጣነት ጋር የተቀላቀለ ስለሆነ ሙቀት ሲያንሰው የሚያይለው ኮምጣጣው ነው። ቆላ ውስጥ መሬት ላለው ሰው እመርጥለታለሁ፤ ለአራት ኪሎ ግን አልመርጥም። በከተማችን ግቢዎች ውስጥ ለዘመናት የኖሩት ስም የሌላቸው ሮማኖች ፍሬያቸው አነስተኛ፣ ቀለማቸውም ፈዘዝ ያለ ቢሆንም፣ ይህን አየር ችለው ያፈሩት እነርሱ ናቸው። የገበያውን ሮማን መልክ ለሚሻ ሰው ቅር ሊያሰኙት ይችላሉ፤ ለሚበላ ሰው ግን ከእነርሱ ጣፋጩን መርጦ ቁራጭ መውሰድ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።

ድንክ ሮማን የሚባለው ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን ዓይነት ነው። ለኮንዶሚኒየም በረንዳ የሚስማማ፣ በአንደኛው ወይም በሁለተኛው ዓመት ማበብ የሚጀምርና አበባውን የማያቋርጥ ነው፤ ፍሬው ግን ከሎሚ የማይበልጥና የሚኮመጥጥ ስለሆነ የሚተከለው ለዓይን ነው። ከዚህ ሌላ አበባው እንደ ጽጌረዳ በብዙ ቅጠል የተደራረበ ሮማን አለ፤ እርሱ ለጌጥ የተመረጠ ስለሆነ ፍሬ አይሰጥም። ችግኙ አበባ ይዞ ከተገኘ አበባውን ማየት ይህን ስሕተት ያስቀራል።

ከተተከለ በኋላ፦ ፍሬውን ከክረምት ማስቀደም

በግንድ አቋም ረገድ ሁለት ልማዶች አሉ፤ አንድ ግንድ ብቻ አስቀርቶ እንደ ዛፍ ማሳደግ፣ ወይም ከሥሩ ከሦስት እስከ አምስት ግንዶች አስቀርቶ እንደ ቁጥቋጦ መተው። የመጀመሪያው ለጠባብ መተላለፊያ ይመቻል፣ ያምራልም፤ ሁለተኛው ግን አንዱ ግንድ ቢጎዳ ሌሎቹ ስለሚተርፉ እኔ የምመርጠው እርሱን ነው። በየትኛውም ቢሆን ዛፉን እንደ አጥር ጥድ ዙሪያውን በመቀስ ማስተካከል ፍሬውን ያጠፋዋል፤ ሮማን በአብዛኛው የሚያፈራው ሁለትና ሦስት ዓመት በሞላቸው ቅርንጫፎች ላይ በሚገኙ አጫጭር ቀንበጦች ላይ ነውና።

የሚገረዝበት ጊዜ ከሚገረዝበት መንገድ ይልቅ ያሳስበኛል። ዛፉን በጥር ገርዞ አበባውን በየካቲት የሚጠብቅ ሰው ፍሬው ሊበስል የሚደርሰው በነሐሴና በመስከረም ስለሆነ ክረምቱ ያበላሽበታል። እኔ የምገርዘው ዝናቡ መቀነስ ሲጀምር፣ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ የተጠላለፈውንና የደረቀውን ብቻ አውጥቼ አንድ ባልዲ የበሰበሰ ፍግ እሰጠዋለሁ። በጥቅምት አዲሱ ቅጠል ከአበባ ጋር ይወጣል፤ ፍሬውም በጋውን በፀሐይ አሳልፎ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ ይደርሳል። በየካቲትና በመጋቢት የሚወጣውን ዘግይቶ የመጣ አበባ ሳላዝን እለቅመዋለሁ፤ ዛፉ ጉልበቱን ለቀደመው ፍሬ እንዲያውል።

አበባው ሲረግፍ የሚደነግጥ ሰው አስቀድሞ አበባዎቹን ለይቶ ይያቸው። በአንድ ዛፍ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ይገኛል፤ ሥሩ እንደ ጀበና ሆድ ክብ ብሎ የሰፋው ፍሬ የሚይዘው ነው፣ ሥሩ ቀጥኖ እንደ ጥሩምባ ወደ ላይ የሚከፈተው ግን ወንዴ ስለሆነ መርገፉ የተፈጥሮ ነው። የጀበናዎቹ አበቦች ቁጥር ማነስ የፀሐይ ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሮማን ለማፍራት ሌላ ዛፍ አጠገቡ አያስፈልገውም፤ ንብ ብቻ ከደረሰችበት ይበቃዋል።

በበጋ ትንሽ ችግኝ በሳምንት ከ10 እስከ 15 ሊትር፣ ያደገ ዛፍ ሁለት ጀሪካን ውኃ ይበቃዋል። ከመጠኑ ይልቅ አለመቆራረጡ ይበልጣል፤ ለሳምንታት የተጠማ ዛፍ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የበልግ ዝናብ በድንገት ሲያገኘው ቅርፊቱ ሳይዘጋጅ ውስጡ ስለሚያብጥ ፍሬው ይሰነጠቃል። የሥሩን ዙሪያ በደረቅ ሣር መሸፈን እርጥበቱን ያቆያል። የልብስ ማለቅለቂያ ውኃ ማጠጣት ይቻላል፤ የመጀመሪያውን የኦሞ ውኃ ግን አልሰጠውም። ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) በለጋ ቀንበጥ ላይ ከታየ በኃይል ውኃ ማጠብ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ፍሬው ቡና ሲኒ ሲያህል በወረቀት ከረጢት መሸፈን ደግሞ ከዝንብና ከወፍ ያድነዋል።

ሮማን ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም፤ ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አይቶ መቁረጥ ያስቆጫል፣ በተለይ የእኛዎቹ ፈዛዞች ደርሰው እንኳ ሙሉ በሙሉ ላይቀሉ ስለሚችሉ። ሲደርስ ክብነቱ ይጠፋና ጎኖቹ ጠፍጠፍ ይላሉ፤ ዘውዱም ይደርቃል። በጣት ኳ ኳ ሲደረግ ጥሬው የታፈነ ድምፅ ሲያሰማ የደረሰው እንደ ብረት ጥርት ብሎ ይጮሃል። ያኔ ሳይጎተት በመቀስ ከነአጭር አንገቱ ይቆረጣል። በጊዜ ሰሌዳዬ የመጀመሪያውን የምቆርጠው ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ሰኔ መግቢያ ያልቃል። የተረፈው በፍሪጅ ውስጥ ሁለት ወር ያህል ይቆያል፤ ለቀበናዋ እናትም በየዓመቱ አንድ ፌስታል ይዤ እሄዳለሁ።